ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም

ተረት ተረት ስላችሁ የላም በረት እንዳትሉኝ፤ የዛሬዋ ከበረት ሳይሆን ከጋራዥ ነው የምትወጣው። በድሬዳዋ፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከትልልቆቹ ዛፎች ሥር አንዲት ቀይ ስፖርት መኪና ነበረች። ጣሪያዋ ይከፈታል፣ ወንበሯ ሁለት ብቻ ነው፤ ለአማት ቦታ የላትም። ባለቤቷን ሰፈሩ ጋሽ አምዴ ይለዋል። መኪናዋን ሲገዛት ፂሙ ገና እያቆጠቆጠ ነበር፤ አሁን እሱም እሷም ቀለማቸው ለቋል።

ሚስቱ ወይንሸት አንድ ነገር ፈለገች፤ ጀምበር ሳትጠልቅ ደንገጎ ተራራ ወጥታ ድሬን ቁልቁል ማየት። በወጣትነታቸው እሑድ እሑድ የሚወጡበት ቦታ ነው። አሁን ዓይኗ እየደከመ መጥቷል። ሐኪሙም «ማየት የሚያምርሽን ሁሉ ዘንድሮ እዪው» ብሏታል። ሲመሽ አታይም፤ በጠራ ፀሐይ ግን ገና ታያለች።

አምዴ ከሰዓት ወጥቶ ቤንዚን አስሞላ፣ ተመለሰ፣ ሞተሩን አጥፍቶ ሚስቱን ጠራ። ወይንሸት ተቀመጠች። ቁልፉን ሲያዞር ሞተሩ አጉረመረመ እንጂ አልተነሣም። የመኪናዋ ጠባይ ይኸው ነው፤ ጠዋት በቀዝቃዛው ወዲያው ትነሣለች፣ ከጋለች በኋላ ካጠፏት ግን ታኮርፋለች። እስክትበርድ መጠበቅ ነው መላው። ጀምበር ደግሞ ማንንም አትጠብቅም።

«በባጃጅ ልውሰድሽ?» አላት።

«በባጃጅ አልተሞሸርኩም» አለችው።

አምዴ ኮፈኑን ከፈተ። «ሞተር ሆይ፣ ተነሣ። ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

«አልነሣም» አለ ሞተሩ። «ቤንዚን አላጠጣኝም። በደረቅ ጉሮሮ ማን ይዘፍናል?»

ወደ ቤንዚኑ ዞረ። «ቤንዚን ሆይ፣ ሞተሩን አጠጣው። ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

«አላጠጣም» አለ ቤንዚኑ። «ቱቦው ውስጥ ፈላሁ፣ እንፋሎት ሆንኩ። እንፋሎት ይጠጣል እንዴ?»

የአሮጌ መኪና ሰው ዘዴ አያጣም። አምዴ ጨርቅ አርሶ ቱቦው ላይ ጠቀለለ። «ቱቦ ሆይ፣ ቤንዚኑን አታፍላው። ቤንዚኑ ሞተሩን አያጠጣም፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

«ምን ላድርግ አቦ» አለ ቱቦው። «ማርሚታው አጠገቤ ተጋድሞ ይጠብሰኛል። ጨርቅህንም እየው፣ ደረቀ።»

ማርሚታው ያ ጭስ የሚያስወጣው ብረት ነው፤ ግሎ ቀልቷል። «ማርሚታ ሆይ፣ ቱቦውን አትጥበሰው። ቱቦው ቤንዚኑን ማፍላቱን አይተውም፣ ቤንዚኑ ሞተሩን አያጠጣም፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

«እሳት ውጬ አልግልም ልበል?» አለ ማርሚታው። «ድሮ በመሃላችን ቆርቆሮ ነበር። ጥሩ ጎረቤት አጥር ይወዳል፤ በሰላም ኖርን። አሁን ቆርቆሮው አይጋርደኝም።»

አምዴ ቆርቆሮው የት እንዳለ ያውቃል። ለምን እንደነቀለው ግን ለማንም ተናግሮ አያውቅም፤ ሲያስበው ዛሬም ጆሮው ይሞቃል። ወደ ጎረቤታቸው ወደ አዴ ዘይነባ ግቢ አዘገመ፤ ወይንሸትም ጥላዋን ይዛ ተከተለችው። ቆርቆሮው የዶሮ ጎጆ ክዳን ሆኖ ተቀምጧል።

«ቆርቆሮ ሆይ፣ ማርሚታውን ጋርደው። ማርሚታው ቱቦውን መጥበሱን አይተውም፣ ቱቦው ቤንዚኑን ማፍላቱን አይተውም፣ ቤንዚኑ ሞተሩን አያጠጣም፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

«አንተው አይደለህ የነቀልከኝ?» አለ ቆርቆሮው። «ዳገቱ ላይ እንኳኳ ነበር። ወይንሸት ስትዘፍን ድምጿን ሸፈነብኝ ብለህ ፈታኸኝ፣ ለአዴ ዘይነባም ሰጠኸኝ። አሁን ሥሬ ያለችው ዶሮ አትለቀኝም።»

ወይንሸት ባሏን ቀና ብላ አየችው። «ስንት ዘመን መኪናዋ ክፉ ናት ስትለኝ ኖረህ፣ ለካ ቆርቆሮውን የነቀልከው የኔን ዘፈን ለመስማት ነው?»

«ደህና ትዘፍኚ ነበር» አለ አምዴ አንገቱን ደፍቶ። ቶሎ ብሎም ወደ ዶሮዋ ዞረ። «ዶሮ ሆይ፣ ቆርቆሮውን ልቀቂ። ቆርቆሮው ማርሚታውን አይጋርድም፣ ማርሚታው ቱቦውን መጥበሱን አይተውም፣ ቱቦው ቤንዚኑን ማፍላቱን አይተውም፣ ቤንዚኑ ሞተሩን አያጠጣም፣ ሞተሩ አይነሣም፣ ወይንሸት ደንገጎ አትወጣም።»

ዶሮዋ ላባዋን ነፍታ እንቁላሏ ላይ ተደላደለች። መልሱን አዴ ዘይነባ ሰጠች። «ጋሽ አምዴ፣ የታቀፈች ዶሮ ትነሣለች ወይ? ክዳኗን ከወሰድክ ደግሞ እንቁላሉን ፀሐይ ይቀቅለዋል። ጥላ አምጣላት።»

ወይንሸት የያዘችውን ጥላ ዘርግታ ጎጆው ላይ ደፋችው።

«አንቺስ? በዚህ ፀሐይ?» አለች አዴ ዘይነባ።

«እኔ ፀሐይ ልጠግብ አይደል የምሄደው» አለች ወይንሸት።

ከዚያማ ጥላው ዶሮዋን ጋረደ፣ ዶሮዋ ቆርቆሮውን ለቀቀች። አምዴ በፒንሳና በሽቦ፣ ጣቱን እያቃጠለው፣ ቆርቆሮውን ከቦታው አሰረና ጨርቁን ዳግም አራሰ። ቆርቆሮው ማርሚታውን ጋረደ፣ ማርሚታው ቱቦውን መጥበሱን ተወ፣ ቱቦው በእርጥብ ጨርቅ በረደ፣ ቤንዚኑ ሞተሩን አጠጣ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ወይንሸት ወደ ደንገጎ ወጣች።

ዳገቱ ላይ ቆርቆሮው ይንኳኳ ጀመር። አምዴ ፊቱ ጠቆረ።

«ይንኳኳ፤ እኔ ጮክ እላለሁ» አለች ወይንሸት፣ ዘፈነችም። ድምጿ እንደ ድሮው አይደለም፤ መሃል ላይ ይቆራረጣል። አምዴ ግን መንገዱ ቶሎ እንዳያልቅበት ቀስ ብሎ ነዳ።

ደንገጎ ሲደርሱ ጀምበር ገና አልጠለቀችም ነበር። አምዴ ሞተሩን ለማጥፋት ፈራ።

«አጥፋው፣ ዝም ይበልልን» አለችው። አጠፋው።

ወይንሸት ቁልቁል አየች። ዛፎቹን፣ የባቡሩን ሐዲድ፣ የደቻቱን ወንዝ አሸዋ፣ የሚያብለጨልጨውን ጣሪያ ሁሉ አንድ በአንድ ስሙን እየጠራች አየች። አምዴም ጣቱን እየቀሰረ ያመለጣትን ያሳያታል።

«በቃኝ» አለች በመጨረሻ። «ድሬን አየሁ። አሁን አንተ ፊትህን ወደ ፀሐይ አዙርልኝ።»

አዞረላት። እሷም መላ ፊቱን፣ ሽበቱንም ጠባሳውንም፣ ሳትቸኩል አየችው። ፀሐዩ ዓይኑን ቢወጋውም አምዴ አልጨፈነም።

ሲመለሱ ቁልፉን ቢያዞር፣ ሞተሩ እንደ ጋለ ተነሣ። ተረቴን መልሱልኝ፤ አፌን ተዉትና እጄን በናፍጣ አብሱልኝ።