ውሃ ዋስ ሲጠራ

የጥንት ሮም ፈላስፎች እውነተኛው ሕግ በጽላት ከመቀረጹ አስቀድሞ በሰው ልቡና የታተመ ነው ይሉ ነበር። የእኛ አባቶች ይህንኑ የተማሩት በአንድ የመስኖ ቦይ ዳር ነው፤ ዛሬ በየሸንጎው እንደ ዘበት የምንጠቅሰው አባባልም ከዚያው ቦይ የተቀዳ ነው ይባላል።

ዘርፈሽዋል የምትባል ባሏ የሞተባት ሴት አንድ መደብ የበርበሬ ችግኝ ነበራት፤ የዓመት ቀለቧ እሱ ነው። ከበላይዋ የሚያርሱት ባሻ ድልነሳው የጋራውን ቦይ ጠልፈው ወደ ማሳቸው ካዞሩት ሦስተኛ ቀን ሆኗል። ችግኙ አንገቱን ደፍቷል፤ ያን ዕለት ካልጠጣ አይተርፍም።

«ባሻ፣ በሕግ አምላክ ይቁሙ» አለቻቸው።

ባሻ ዶማቸውን ተደግፈው፣ «እኔማ ይኸው ቆሜያለሁ። የሚሄደው ውሃው ነው፤ ከከሰስሽ እሱን ክሰሺ» አሉ።

መላው ቢጠፋት ወደ ቦዩ ዞራ፣ «እንግዲያው አንተ ውሃ፣ በሕግ አምላክ» አለች። ባሻ ጥምጥማቸው እስኪፈታ ሳቁ።

በዚያ ዘመን ይህን ቃል የሰማ መንገደኛ ቆሞ መዳኘት ግዴታው ነበር። ቢሻው የሚባል ጨው ነጋዴ አህዮቹን አቁሞ ድንጋይ ላይ ተቀመጠና፣ «ተከሳሹ ማነው?» ሲል ጠየቀ።

«ውሃው ነዋ» አሉ ባሻ፣ ጨዋታው ጥሟቸው። «ቁልቁል መውረድ ተፈጥሮ የሰጠችው ሕጉ ነው፤ እስቲ ፍረድበት።»

«ፍርዱ ይደርሳል። በልማዳችን ተከሳሽ ዋስ ይጠራል፤ ዋስ ካጣ ከከሳሿ ጋር ተቆራኝቶ ወደ ደጇ ይሄዳል።»

ባሻ ውሃው ወደ በርበሬው መደብ ሲሄድ ታያቸውና፣ «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ ፈጥነው።

«መልካም። እንግዲህ በማሳዎ በኩል አንዲት ጠብታ እንዳታመልጥ ይያዙልኝ። ካመለጠች በተከሳሹ ፈንታ የሚቆራኙት እርስዎ ነዎት።»

«ውሃ እንዴት ይያዛል፣ አንተ ሰው?»

«እንዳዞሩት ነዋ። ቁልቁል እንዲወርድ ያዘዘችው ተፈጥሮ ናት፤ ወደ እርስዎ እንዲታጠፍ ያዘዘው ግን ዶማዎ ነው።»

ጎረቤቱ ተሰብስቦ ሳቁን በነጠላው ይዟል። ባሻ በገዛ አፋቸው ዋስ ሆነዋልና መሸሻ የለም፤ ጓል እየፈነቀሉ የጠለፉበትን የቦይ አፍ በገዛ እጃቸው ደፈኑት። ውሃው ማሳቸው ደጃፍ ላይ ቀጥ አለ፤ ጥቂት ተጠራቅሞም በነባር ቦዩ ወደ በርበሬው ወረደ።

«ይኸው፣ በዚያ በኩል አመለጠህ» አሉ ባሻ።

«አላመለጠም፤ ቤቱ ገባ» አለ ቢሻውና አህዮቹን ነዳ።

ባሻን ከልጅነታቸው የሚያውቁ አንድ ሽማግሌ ግን ዘንጋቸውን ተደግፈው ወደ ተሰበሰበው ሰው ዞረው እንዲህ አሉ፦ «በሕግ አምላክ ሲሉት እንኳን ሰው፣ ወራጅ ውሃም ይቆማል።»