የመብረቄ ካባ

አቶ ልዑልሰገድ የሚባል ራሱን የሚወድ የፊልም ባለሀብት ነበር። ልጆች የሚወዱትን የመብረቄን የሥዕል መጽሐፍ ፊልም አደረገው። መጽሐፉ ውስጥ መብረቄ እየበረረ ክፉዎችን ይዋጋል፤ ሲመለስ እናቱ እየተቆጣች የተቀደደ ካባውን ትጥፍለታለች። ባለሀብቱ ግን «ጀግና የተጣፈ አይለብስም!» ብሎ እናትየዋን ከነመርፌዋ ከፊልሙ አስወጣት።

በምረቃው ዕለት እንግዳው ሁሉ አጨበጨበ። የፊልሙ ልብስ ሰፊ የሆነችው ሴት ብቻ ከኋላ ወንበር ላይ እንቅልፍ ይዟት ሄዷል። ልጇን የምታሳድገው በዚሁ ስፌት ነበር። ባለሀብቱ አይቷት ኖሮ ወደ መድረክ አስጠራት።

«ስሚ አንቺ፣ ፊልሜ ላይ አሥር ሕንጻ ሲፈርስ እንዴት ተኛሽ? ወይ የፊልሜን ጉድለት እዚሁ ትነግሪኛለሽ፣ ወይ ክፍል ሁለት ላይ ሥራ የለሽም!»

እንግዶቹ ሳቁ። እሷ ዓይኗን ጠረግ አደረገች።

«ጋሼ፣ መጽሐፉን ለልጄ ሳነብላት፣ ካባው በተቀደደ ቁጥር ‹እማዬ፣ ዛሬስ ይመለስ ይሆን?› እያለች እጄን ጭምቅ ታደርገዋለች። የእርስዎ መብረቄ ግን አሥር ሕንጻ ላዩ ላይ ተንዶበት አንዲት ቁልፍ እንኳ አልተበጠሰችበትም። ታዲያ ምን ይሆንብኛል ብዬ ልንቃ?»

ሳቁ ወደ ባለሀብቱ ዞረ። ፊቱ ቀላ።

«በቃ፣ ክፍል ሁለት ላይ ሥራ የለሽም!»

«እሱንማ ክፍል አንድን ሳይ አውቄዋለሁ ጋሼ» አለች ከመድረኩ እየወረደች፤ «ልብሱ ለማይቀደድ ሰው ልብስ ሰፊ ምን ይሠራለታል?»