ለቅዳሜና እሁድ የመጣው ዕርቅ

ተረት ሁሉ መነሻ አለው፤ መነሻውን የሚጠይቅ ሰው ግን ጥቂት ነው። ከሽማግሌ አፍ ሰማን፣ ለልጆቻችን አወረድን፣ በቃ። ሐዋሳ ውስጥ፣ ከታቦር ተራራ ግርጌ ባለ አንድ ሰፈር፣ ነገር የሚያጣድፍ ሰው በገጠማቸው ቁጥር የሚያነሡት አንድ ተረት አለ። ተርተው ሲያበቁ «የሎሚቴን ቤት አስታወስከኝ» ብለው ይሥቃሉ። ተረቱ ከሎሚቴ በፊትም ይኖር ይሆናል፤ አልከራከርም። እዚያ ሰፈር የገባው ግን በእሷ ቤት በር፣ በአንድ ቅዳሜ የምሳ ሰዓት፣ ቡርሳሜ የሚባለው የቆጮና የቅቤ ምግብ እየተበላ ነው። እኔ ሳወራው አልሥቅም። ዛሬም ያናድደኛል።

ሎሚቴ ዱካሞ የልጆች ልብስ እየሰፋች የምታድር፣ ድምፅዋ ከጎረቤት አጥር የማያልፍ ሴት ነበረች። ታላቅ ወንድሟ ማቲዎስ አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ጥሩ ሥራ አለው፣ መኪና አለው፣ ወዳጅ አለው፣ ለምንም ነገር ግን ጊዜ የለውም። በሁለቱ መካከል አንድ ቃል ቆሞ ነበር።

ቃሉ የተወረወረው እናታቸው በሞተች ጊዜ በለቅሶው ድንኳን ውስጥ ነው። ማቲዎስ ከቀብሩ በኋላ ደረሰ። ገና እንደ ገባ፣ ለቀስተኛው ሁሉ እየሰማ፣ እህቱን በጣቱ እየጠቆመ «በጊዜው ሐኪም ዘንድ ብትወስጃት ኖሮ እናቴ አትሞትም ነበር! አንቺ ነሽ የገደልሻት!» አለ። ሰው ሁሉ አንገቱን ደፋ። ሎሚቴም መልስ አልሰጠችም።

መልስ አጥታ ግን አይደለም። እናቷን ሐኪም ዘንድ ወስዳ ነበር። ሐኪሙም «እዚህ አይሆንም፤ ዛሬ ነገ ሳትይ አዲስ አበባ አድርሻት» ብሏት ነበር። ሎሚቴ ከሐኪሙ በር ሳትርቅ ወንድሟ ጋ ደወለች። «ማቲዬ፣ መኪናህን ይዘህ ድረስልን» አለችው። እሱም «ይህ ሳምንት አይመቸኝም፤ የሚቀጥለው ሳምንት እመጣለሁ» አላት። የሚቀጥለው ሳምንት ሲመጣ እናቲቱ አልነበረችም። ሎሚቴ ይህን በድንኳኑ ውስጥ ያልተናገረችው የእናቷ አፈር ሳይደርቅ የቤቱን ገመና ላለማውጣት ነው። ዝም ስላለች ግን ሰው አመነው። ገበያ ስትወጣ ዓይን ይከተላት ጀመር። እናቷን በጀርባዋ ስታወጣና ስታገባ የኖረችው ልጅ «እናቷን ያስገደለችው» ተባለች። ስለዚህ ከወንድሟ የምትፈልገው አንድ ነገር ብቻ ነበር፤ ያን ቃል ሰው ፊት እንደ ጣለው ሰው ፊት እንዲያነሣው።

ማቲዎስ ከረጅም ዝምታ በኋላ አንድ ቀን ደወለ።

«ሎሚዬ፣ ቅዳሜና እሁድን ከጓደኞቼ ጋር ሐዋሳ ላሳልፍ ነው። ትንሽ ሐይቁን ዓይተን፣ ትንሽ የአገራችንን ምግብ በልተን እንመለሳለን። ስላንቺ ቡርሳሜ አፌን ሞልቼ አውርቼላቸዋለሁ። በዚያውም እንታረቃለን» አላት።

በዚያውም! ሰው ገበያ ወጥቶ «በዚያውም ጨው ልግዛ» ይላል። የእናት ሞት ያለበትን ነገር «በዚያውም» የሚል ሰው ሆዱ ምን ዓይነት ነው? ሎሚቴም ስልኩን ዘግታ ይህንኑ አለች፤ ግን ተስፋ ክፉ ነው፣ እሺ ብላው ነበር። ከዚያ የአባቷ ወንድም ወደ ሆኑት ወደ ሽማግሌው ባሪሶ ሄደች።

ባሪሶ ሰምተው ሲያበቁ «ምግቡን አንቺ አሰናጂ፤ ነገሩን እኔ እይዘዋለሁ። አንቺ ተናግረሽ ሳትጨርሺ እህል አይቀመስም» አሏት።

የባሪሶ ሽምግልና ደንብ ይኸው ነበር። ሲዳማ ሽማግሌ ፊት ነገር ሲከፈት «አፊኒ?» ይባላል፤ ሰማችሁ ወይ ማለት ነው። የተበደለ ይናገራል፣ የበደለ ይሰማል፣ ይመልሳል። እውነቱ ከወጣና ይቅርታው ከተሰጠ በኋላ ነው ምግቡ ቀርቦ የሚበላው። ያን ጊዜ ከአንድ ዕቃ የበሉ ሰዎች ያን ነገር ዳግመኛ አያነሡም።

ሎሚቴ ሌሊት የተበደለችውን እየቆጠረች፣ ቀን ቡርሳሜውን አሰናዳች። ጥሩ ቆጮ መርጣ በጨርቅ ጨምቃ ውኃውን አወጣች፣ አድቅቃ ከተፈች፣ ነፋች፣ ከዚያ በእሳት አመሰችው። ቅቤውን በኮረሪማና በነጭ ሽንኩርት አንጥራ አሸችበት። ቅቤው ቆጮው ውስጥ ጠፍቶ እንደገና ወለል ሲል ሻፌታ በሚባለው የሸክላ ዕቃ ውስጥ የእንሰት ቅጠል አንጥፋ ገለበጠችውና ከደነችው። እርጎውንም ቀዳች። እጇ የሚችለውን ሁሉ አደረገ።

ማቲዎስ ከተባለው ሰዓት ዘግይቶ ደረሰ። ኤልያስ የሚባል የመሥሪያ ቤት ባልደረባውንና የኤልያስን ሚስት ሩትን አስከትሏል። ሰዎቹ የዋህ ናቸው፤ ምሳ ተጠርተው የመጡ ነው የመሰላቸው።

«እትዬ ሎሚቴ፣ እንዴት ነዎት? መንገዱን ሙሉ ስለ እርስዎ እጅ ሲያወራልን ነው የመጣነው። ቁርስ እንኳ አልበላንም» አለች ሩት፣ አቅፋ እየሳመቻት።

ባሪሶ ማቲዎስን ጎተት አድርገው «እንግዶቹ ከነገሩ በኋላ ቢመጡ አይሻልም ነበር?» አሉት።

«ጋሼ፣ ቤተሰብ ናቸው፤ ምን የሚደበቅ ነገር አለ?» አለና ሻፌታው አጠገብ ተቀመጠ።

ባሪሶ ቆመው መረቁ። ከዚያ ተቀምጠው «አፊኒ?» አሉ። ሎሚቴ «ሰምተናል» አለች። ማቲዎስም ስልኩን እያየ «ሰምተናል፣ ሰምተናል» አለ።

ሎሚቴ ጉሮሮዋን ጠረገች። «ወንድሜ፣ በእናታችን ድንኳን ውስጥ የጣልክብኝን ቃል እንድታነሣልኝ ነው የምፈልገው። ግን ለምን እንደምታነሣው አስቀድመህ ስማኝ። እናታችን የታመመች ጊዜ፣ ሐኪሙ...»

«ሎሚዬ!» አለ ማቲዎስ፣ ሁለት እጆቹን ዘርግቶ። «ያለፈውን ምን አስቆፈረሽ? ጀልባ ተከራይተን ባለ ጀልባው እየጠበቀን ነው። ይቅርታ! በቃ ይቅርታ ብያለሁ! እኔና አንቺ እኮ የአንድ እናት ልጆች ነን።»

«ትጨርስ እንጂ ልጄ» አሉ ባሪሶ። «ገና መጀመሯ ነው።»

«ምኑን ትጨርስ ጋሼ? ይቅርታ ካልኩ ምን ቀረ? ቅቤው እየረጋ እኮ ነው!»

«የረጋ ቅቤ እሳት ካየ ይቀልጣል። ተው ማቲዎስ፣ ክዳኑን ተው።»

አልተወም። ክዳኑን ብድግ አደረገው። ሽታው ቤቱን ሞላው፤ ሩት «ወይኔ!» አለች። ማቲዎስ እጁን ሰዶ ዘገነና ጉርሻውን ይዞ እህቱ አፍ ላይ ደረሰ። «ኤልያስ፣ አንሣን፣ አንሣን!» እያለ። ኤልያስ ስልኩን ደገነ።

ጉርሻ እምቢ አይባል! ያውም እንግዳ ፊት፣ ያውም በገዛ ቤቷ። ሎሚቴ ሊወጣ የነበረውን ቃል ጉሮሮዋ ላይ እንደያዘች አፏን ከፈተች። ጎረሰች። ያንን ጉርሻ እንዴት እንደዋጠችው እሷና ፈጣሪዋ ያውቃሉ።

«ታረቅን!» አለ ማቲዎስ አጨብጭቦ። እንግዶቹም ምን እንደሆነ ሳይገባቸው አብረው አጨበጨቡ። ባሪሶ ግን እጃቸውን ወደ ሻፌታው አልሰደዱም።

ከዚያ ተበላ። እንዴት ተበላ! ማቲዎስ ጣቱን እየላሰ «ይሄን አዲስ አበባ በጸሎትም አታገኙት» ይላል። ኤልያስ እርጎውን ይጨምራል። ሩት «ይሄን ቅቤ እንዴት ነው የሚያነጥሩት?» እያለች ትጠይቃለች። ሎሚቴ ታስተናግዳለች፣ ትቀዳለች፣ እሺ ትላለች። ውስጧ ግን እየነደደ ነው። አስታረቋት ወይስ አፏን ዘጓት? ይቅርታ የተባለው ለየትኛው ቃል ነው? ቃሉ እኮ ስሙ እንኳ አልተጠራም! «ተይው፣ ሰላም ይሻላል» ትላለች ለራሷ፤ ደግሞ «ምን ሰላም አለ?» ትላለች።

ሻፌታው ሊጎድል ሲል ኤልያስ ወደ ኋላ ደገፍ ብሎ «እንዲህ ያለ ምግብ በሕይወቴ አልበላሁም። ከማን ተማሩት?» አለ።

ሎሚቴ አፏን ሳትከፍት ማቲዎስ ቀደመ። ሆዱ ሞልቷል፣ ከንፈሩ በቅቤ ያብረቀርቃል።

«ከእናታችን ነዋ! የእናቴን ቡርሳሜ ብትቀምሱት ይሄ ምኑም አይደለም። ምን ዋጋ አለው፤ በጊዜው የሚያሳክማት ሰው አጥታ...» አለና ከንፈሩን መጠጠ።

ሎሚቴ የያዘችውን የእርጎ ዕቃ አስቀመጠች።

«እጅህን ከሻፌታው አንሣ!»

ያ ድምፅ ከእሷ የወጣ መሆኑን ማንም አላመነም። የማቲዎስ እጅ በአየር ላይ ቀረ።

«አንሣ ብዬሃለሁ! እህሌ በአፍህ እያለ ደግመህ ገደልሻት ትለኛለህ? እፍረት የሚባል አልፈጠረብህም? እኔ ነኝ ያላሳከምኳት? ከሐኪሙ በር ላይ ሆኜ አልደወልኩልህም? መኪናህን ይዘህ ድረስ፣ እናቴ በእጄ ላይ እያለቀች ነው አላልኩህም? ይህ ሳምንት አይመቸኝም ያልከኝ አንተ አይደለህም? ተናገር! ሰው ሁሉ ነፍሰ ገዳይ ሲለኝ ስምህን ሸፍኜ የኖርኩት እኔ ነኝ! ከዳግማይ ትንሣኤ በፊት፣ በትንሣኤ ሳምንት! ያን ሳምንት የት ነበርክ? ምን ነበር ያልተመቸህ?»

ሩት ወደ ባሏ ዞር ብላ፣ ምን እያለች እንደሆነ እንኳ ሳታውቅ፣ «በትንሣኤ ሳምንት... ሁላችንም ቢሾፍቱ ለመዝናናት የሄድነው ያን ጊዜ አልነበረም?» አለች።

ኤልያስ ስልኩን አንሥቶ ያነሣውን ፎቶ አየውና ኪሱ ከተተው። ሎሚቴ ወንድሟን አፍጥጣ አየችው። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ሥራ ይዞት ነው፣ አለቃ ከልክሎት ነው፣ የሆነ ነገር ቸግሮት ነው ብላ ታስብ ነበር። እናቷ በጣር ላይ ሳለች ወንድሟ ሌላ ሐይቅ ዳር ተቀምጦ ይበላ ኖሯል።

ንዴቷ ከጩኸት አለፈ። ሻፌታውን አንሥታ ወደ ጓዳ አስገባች፤ ተመልሳ የእጅ መታጠቢያውን ውኃ አመጣች። ሩትና ኤልያስ አንገታቸውን ደፍተው ታጠቡ። ለእነሱ «እናንተ አላጠፋችሁም፤ ይቅር በሉኝ» አለቻቸው። ለማቲዎስ ስታፈስ ግን «ታጠብ። የእኔን እህል ከእጅህ ላይ አስለቅቅ። ከዚያ ከቤቴ ውጣ» አለችው።

«ሎሚቴ! አሁን እኮ ታርቀናል! ገና እጃችን ሳይደርቅ?» ጮኸ ማቲዎስ። ፊቱ በላብ ርሷል። «ጉርሻዬን ተቀብለሽ የለም እንዴ? በአንድ ሻፌታ በልተን የለም እንዴ? ከዚህ በኋላ ይህን ነገር ማንሣት ነውር ነው! ደንቡን ጥሳለች! ጋሼ፣ እርስዎ ሽማግሌ ነዎት፤ ፊትዎ አይደል የታረቅነው? ይመስክሩልኝ እንጂ!»

ባሪሶ ከመቀመጫቸው ተነሡ። ነጠላቸውን ትከሻቸው ላይ አስተካከሉ። ልጁን በክንዳቸው አቅፈው ያሳደጉት እሳቸው ነበሩ፤ ያን ቀን ግን ፊታቸው እንደ ባዳ ጠቁሮበታል።

«ታረቅን እያልክ ስታጨበጭብ ሰምቻለሁ፤ ስትታረቅ ግን አላየሁህም። ደንቡን እሷ አልጣሰችም፤ ተናግራ ሳትጨርስ የተበላ እህል ምሳ ነው እንጂ ዕርቅ አይባልም። ጀልባህ አስቸኮለህ፣ ሆድህ አስቸኮለህ፤ አሁን ተፈታብኝ ብለህ ማንን ትከሳለህ? ልጄ፣ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።»