ጎሉ ላይ የሚያበቃው ታሪክ

ኳስ የሚጫወት አንድ ሰው ነበረ። አጥቂ ነበር፤ ሲሮጥ የሚያምር፣ ሲመታ የማይስት፣ ከተማው በሙሉ በስሙ የሚምልለት። ልጄ፣ ተማሪዎችሽ እንዲበረቱ ያለፍሽበትን መከራ ስትነግሪያቸው ያሸነፍሽበትን ብቻ ትነግሪያቸው እንደሆነ፣ ወይስ የጎዳሽንም ጨምረሽ እንደሆነ ጠይቀሽኛልና የዚህን ሰው ነገር ስሚኝ።

ይህ ሰው በአንድ የዋንጫ ጨዋታ ላይ ከተከላካይ ጋር ተጋጭቶ ወደቀ። ጉልበቱ ውስጥ አንድ ነገር እንደ ደረቅ እንጨት ቀጭ ሲል ራሱ ሰማው። የቡድኑ ወጌሻ ሮጦ ገባና እግሩን ዳሰሰው፤ ወዲያው ፊቱ ተለዋወጠ፤ ውጣ ብሎም ለመነው። ተጫዋቹ ግን በፋሻ ጠፍረህ እሰርልኝ አለ። ታሰረለት፤ እያነከሰም ተመለሰ። ጨዋታው ሊያልቅ ሲል ከማዕዘን የተሻማችውን ኳስ በጤነኛ እግሩ ተነሥቶ በቴስታ አገባት። ዋንጫው የእነሱ ሆነ። ሕዝቡ አጥሩን ጥሶ ገብቶ በትከሻው ተሸከመው፤ ከዚያ ቀን ጀምሮም «ብረቱ» ተብሎ ቀረ።

ከዚያ ወዲያ ያለው ነገር አጭር ነው። ጉልበቱ አልዳነም። በሚቀጥለው ዓመት ጥቂት ጨዋታ ሞከረ፤ ወደ ተቀያሪ ወንበር ወረደ፤ በመጨረሻም ክለቡ ድምፁን አጥፍቶ አሰናበተው። ሐኪም ደጋግሞ ቢከፍተውም እግሩ መታጠፍ እምቢ አለ። ገና ወጣት ነበር። ቤተ ክርስቲያን ሰው ሁሉ ሲሰግድ እሱ ቆሞ ይቀራል። ታክሲ ሲሳፈር እግሩን በእጁ አንሥቶ ነው የሚያስገባው። ልጁ ተወልዳ መዳህ ስትጀምር አብሯት ወለል ላይ ሊቀመጥ አልቻለም። በትከሻቸው የተሸከሙት ሰዎች መንገድ ላይ ሲያገኙት ስለዚያች ጎል ያወሩታል እንጂ፣ እግርህስ እንዴት ሆነ ብሎ የጠየቀው አልነበረም። እሱም ውሎ አድሮ ስለ እግሩ ማውራቱን ተወው።

ዓመታት አለፉ። ክለቡ አዲስ ኃላፊ ተሾመለትና ስሙን አስታውሶ ጠራው፤ አሠልጣኝም አደረገው። ጎበዝ አሠልጣኝ ወጣው፤ ይህን መካድ አይገባም። የተቃራኒን አጨዋወት ቶሎ ይገባዋል፤ ሰው ያውቃል፤ አይሳደብም። ሁልጊዜ ረጅም ቱታ ይለብሳል፤ ልምምድ ላይ ሌላው ሣሩ ላይ አረፍ ሲል እሱ እንደቆመ ነው። ተጫዋቾቹ ማነከሱን ያያሉ፤ ግን እንደ ማዕረግ ነበር የሚያዩት። አንዳንዶቹማ ሲቀልዱ አካሄዱን ይኮርጁ ነበር፤ በንቀት ሳይሆን በፍቅር።

ከባድ ጨዋታ በመጣ ቁጥር መልበሻ ክፍል ውስጥ ያንን የዋንጫ ቀን ይተርክላቸዋል። መተረክ ያውቅበታል። ፋሻው ሲጠብቅ፣ ኳሷ ስትሻማ፣ መረቡ ሲርገበገብ ሁሉም ይታያቸዋል። ወጌሻው እንደለመነው ግን አይነግራቸውም፤ ታሪኩም ዘወትር የሚያበቃው ጎሉ ላይ ነው። ከዚያስ ብሎ የጠየቀው ካለ፣ ከዚያማ ዋንጫውን ወሰድን ይለዋል። አልዋሸም። አንድ ቀን ተጫዋቾቹን ቤቱ ጋብዞ ሲተርክ ሚስቱ ሰማችው። እንግዶቹ ከሄዱ በኋላ፣ የቀረውንስ ለምን አትነግራቸውም አለችው። ልጆቹን ላስፈራራቸው እንዴ ብሎ መለሰላት። ልቡ የሚያውቀው ግን ሌላ ነበር። ከሕይወቱ ሁሉ ሳይሰበር የቀረለት ያ ቀን ብቻ ስለሆነ፣ ማንም እንዲነካበት አልፈለገም።

ከተጫዋቾቹ መካከል ልየው የሚባል ተከላካይ ነበር። ዝምተኛ፣ ልምምድ የማይቀር፣ ለብሔራዊ ቡድን ስሙ መነሣት የጀመረ ወጣት ነው። ያንን ታሪክ ከአሠልጣኙ እኩል ያውቀዋል። አሠልጣኙ ሲተርክ አንዲት ነገር ከዘለለ ልየው ከጥግ ሆኖ ያስታውሰዋል። አሠልጣኙም በዚህ ደስ ይለዋል፤ ወንድ ልጅ ባይኖረው ልየው እንዳለው ይቆጥር ነበር።

ቡድኑ በሊጉ የሚቆይ ወይም የሚወርድ መሆኑ የሚለይበት ጨዋታ መጣ። ስታዲየሙ ከአፍ እስከ ገደፉ ሞላ። አሠልጣኙም እንደ ልማዱ ታሪኩን ተረከ፤ ልጆቹም ታሪኩን ይዘው ገቡ።

በመጀመሪያው አጋማሽ ልየው ኳስ ሊያስጥል ተንሸራትቶ ከአጥቂው ጋር ተላተመ። ወደቀ፤ ትንሽ ቆይቶም ተነሣ። ወጌሻው ሊያየው ቢገባ እጁን አውለብልቦ መለሰው። ለዕረፍት ሲገቡ ሁሉም ወንበር ላይ ተዘረጋ፤ ልየው ብቻ ግድግዳ ተደግፎ ቆመ። ካልሲውን እስከ ጉልበቱ ስቦታል፤ ላቡ ከሌሎቹ ይልቅ ይወርዳል። አሠልጣኙ አየው። ደህና ነህ ወይ ብሎ መጠየቅ ይችል ነበር፤ አልጠየቀም። እንዲያውም፣ እግዚአብሔር ይቅር ይበለውና፣ ደረቱ ውስጥ ኩራት የሚመስል ነገር ሞቅ አለው።

ጨዋታው ሊያልቅ ሲል በረኛው ታልፎ ኳሷ ወደ ባዶው ጎል ስትንከባለል፣ ልየው ከየት መጣ ሳይባል ተወርውሮ ከመስመሩ ላይ አወጣት። ዳኛው ወዲያው ፊሽካውን ነፋ። ቡድኑ ዳነ። ልየው ግን ከወደቀበት አልተነሣም።

አሠልጣኙ መሮጥ ባይችልም ሮጠ። ደርሶ ካልሲውን ገለጠው። ልጁ መልበሻ ክፍል ውስጥ ለማንም ሳይናገር ፋሻ ጠፍሮ፣ በላዩ ላይ ሌላ ካልሲ ደርቦ አስሮት ኖሯል። ከጉልበቱ በታች ያለው እግሩ እግር ወደማይዞርበት ዞሯል። ልየው ፊቱ እንደ አመድ ነጥቶ ቀና ብሎ አየው፤ ፈገግም አለ።

«ኮች፣ ልክ እንደ እርስዎ» አለው።

በዚህ ጊዜ ስታዲየሙ ተነሥቶ ማጨብጨብ ጀመረ። «ብረቱ፣ ብረቱ» እያለ ይዘምራል፤ ለእሱ አይደለም፣ ለልየው ነው። ያንን ጭብጨባ ዕድሜውን ሙሉ በጆሮው ይዞት ኖሯል፤ ከደስታው ሁሉ የሚበልጥበት ድምፅ ነበር። አሁን ግን አጠገቡ የተሰበረ እግር ተጋድሞ ሲሰማው ድምፁ አስፈራው። ይህ ሁሉ ሰው የሚያጨበጭበው ለዚህ ነው? ያን ቀንስ ለዚህ ነበር? ጆሮውን በሁለት እጁ ይዞ እያለቀሰ ሜዳው መካከል ቆመ። የደስታ እንባ የመሰለው ሰው ብዙ ነበር።

በማግሥቱ ስልኩ እንኳን ደስ አለህ በሚሉ ሰዎች ተጨናነቀ። ሬዲዮ ላይ አዲስ ብረቱ ተገኘ ተባለ። እሱ ግን ሆስፒታል ነበር። ሐኪሙ መጀመሪያ ሲጋጭ ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ጀሶ ታስሮ፣ ጥቂት ወራት አርፎ ይመለስ እንደነበረ አስረዳው። አሁን ግን መገጣጠሚያው ደቅቋል፤ ይራመድ ይሆናል፣ ኳስ ግን አይጫወትም።

የልየው እናት ከአገሯ በአውቶቡስ ደርሳ ኖሮ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣለች። አልጮኸችም፤ አልወቀሰችውም። አክብራው ከአግዳሚው ወንበር ላይ ቦታ ለቀቀችለት። አግዳሚው ዝቅ ያለ ነበር። አሠልጣኙ ግድግዳውን ይዞ፣ እግሩን እንደ ዱላ ወደ ፊት ዘርግቶ፣ በመከራ ተቀመጠ። ሱሪው ወደ ላይ ተሰበሰበና የተሰፋው፣ የጎበጠው፣ የሰለለው እግር ታየ። ሴትዮዋ ስታየው ቆየች።

«ጌታዬ፣ ልጄ ይህን እግር አይቶት ያውቃል?» ስትል ጠየቀችው።

አሠልጣኙ ሰው ብዙ ነገር ሲለው ኖሯል። እንዲህ ያለ ነገር ግን ከማንም አፍ ሰምቶ አያውቅም። ሱሪውን ወደ ታች ስቦ እግሩን ሸፈነ። እናትየውም ደግማ አልጠየቀችውም።

ልምምድ ሲጀመር ተጫዋቾቹን ሜዳው መካከል ሰበሰበና ተቀመጡ አላቸው። ተቀመጡ። ከዚያ እሱም ሊቀመጥ ጎንበስ ሲል ግራ ተጋቡ፤ ሣር ላይ ተቀምጦ አይተውት አያውቁምና። እንደ መውደቅ ብሎ ሣሩ ላይ አረፈ። ቱታውን እስከ ጭኑ ሰበሰበው። አንዱ ታናሽ ተጫዋች ፊቱን አዞረ።

«ከዚያስ ብላችሁ ስትጠይቁኝ ነበር» አላቸው። «ከዚያ በኋላ ያለው ይህ ነው።»

ይህን ብሎ ሊነሣ ሞከረ። እጁን መሬት ላይ ተከለ፤ ተንፏቀቀ፤ በአንድ ጉልበቱ ተንገዳግዶ ተመልሶ ወደቀ። ሊያነሡት የተንደረደሩትን በእጁ ከለከላቸው። ደግሞ ሞከረ፤ ደግሞ ወደቀ። ላቡ በአገጩ ይንጠባጠባል። ያ በትከሻ ተሸክመው የዞሩት ሰው፣ ያ ብረቱ፣ ባዶ ሜዳ ላይ እንደ ተገለበጠ ጥንዚዛ ሲፍጨረጨር ልጆቹ ፈዝዘው አዩ። በመጨረሻ፣ በቃ አሁን አንሡኝ አላቸው። ሁለቱ በብብቱ ገብተው አነሡት። ቆሞም የወጌሻውን ልመና፣ የተቀያሪውን ወንበር፣ ክለቡ እንዴት እንደሸኘው፣ ልጁን ወለል ላይ አብሯት ተቀምጦ አለማጫወቱን አንድ በአንድ ነገራቸው።

ከዚያ የቡድኑ አምበል ተነሥቶ፣ ብሽሽቱን ካመመው መሰንበቱን፣ ደብቆት እየተጫወተ እንደሆነም ተናገረ። ሌላው ቁርጭምጭሚቴ አለ። በረኛውም ጨዋታ መሃል ዓይኑ እየጨለመበት ለሰው ሳይናገር መቆየቱን አመነ። አሠልጣኙ እየሰማ ደነገጠ። ሜዳ ላይ ሲያሰልፋቸው የኖረው ሁሉ ታሞ እንደነበር ያወቀው ገና አሁን ነው።

ወሬው ልየው ጋ ደረሰ። እግሩ በጀሶ ታስሮ፣ በተከራያት ክፍል ተኝቶ፣ አሠልጣኙን አላይም ሲል ሰንብቶ ነበር። አሁን ግን ራሱ ላከበት። አሠልጣኙ ሲገባ ልየው ሰላምታውን አልጨረሰም፤ አሳዩኝ አለው። ሱሪውን ሰበሰበለት። ልየው ክርኑን ተደግፎ ቀና ብሎ፣ ያንን ጉልበት በጣቱ ነካው፤ የስፌቱን መንገድ ከላይ እስከ ታች ተከተለው።

«ኮች፣ ይህን ቀድሜ አይቼው ቢሆን፣ እጄን አንሥቼ እወጣ ነበር» አለ።

አሠልጣኙ ይቅር በለኝ አላለውም፤ ቃሉ ለነገሩ ትንሽ ሆነበት። እስኪመሽ ድረስ አጠገቡ ተቀመጠ።

እንግዲህ ልጄ፣ ያ አሠልጣኝ አንቺ ነሽ፤ ልየውም ከተማሪዎችሽ አንዱ ነው፤ የትኛው እንደሆነ ግን አታውቂም። እነሱ የሚያውቁት እንቅልፍ ከልክለሽ፣ ምግብ ረስተሽ፣ አጥንተሽ አንደኛ መውጣትሽን ነው። ጎልሽን ያውቁታል። ከዚያ በኋላ አልጋ ላይ የዋልሽበትን ዓመት፣ እጅሽ እየተንቀጠቀጠ ብዕር መያዝ ያቃተሽን፣ እስከ ዛሬም የምትውጪውን መድኃኒት አያውቁም። የምትወጃቸው ልጆች በመንገድሽ ሲመጡ ጉድጓዱ የት እንዳለ ካልነገርሻቸው፣ በፍቅርሽ ምክንያት ይገቡበታል።

የጎዳኝን ብነግራቸው ይንቁኛል ብለሽ ፈርተሻል። አዎ፣ የሚንቅሽ አይጠፋም። ያ ሰው ሜዳው ላይ ሲወድቅ ሲነሣ ከኋላ ሆኖ የሳቀ ተጫዋች ነበረ፤ አሠልጣኙም ሳቁን ሰምቶታል። ያ የሳቀው ልጅ ግን ዛሬም ይሮጣል። አንቺም ነገ ክፍል ግቢና ንገሪያቸው። የሚንቅሽ ካለ፣ ግድ የለም፣ በሁለት እግሩ ቆሞ ይናቅሽ።