የአንድ ዓይናው ጭራቅ ጉርሻ

ልጆች፣ ይህ የሆነው ተራሮች ገና ስም ሳይወጣላቸው ነው ይባላል። እኔም የሰማሁት በልጅነቴ ስለሆነ አንዳንድ ነገር ላይ ልሳሳት እችላለሁ። ጭራቁ ግን አንድ ዓይን ብቻ እንደነበረው፣ እሷም ግንባሩ መካከል እንደነበረች እርግጠኛ ነኝ። ቀረብ በሉ። አትፍሩ። ትንሽ ግን ፍሩ።

ብርቄ የምትባል ልጅ ነበረች። ወንድሟ ጥጋቡ እንጨት ሊለቅም ወጥቶ ሳይመለስ ቀረ። እናታቸው የእሱን እራት በሰሃን ከድና ትጠብቃለች፤ ጠዋት እንደተከደነ ታገኘዋለች። በመጨረሻ እሷም መብላት አቆመች። ብርቄ ይህን ማየት ሲያቅታት የወንድሟን ዱካ ተከትላ፣ ገደል አፋፍ ላይ ካለ ዋሻ ደረሰች።

ደጁ ላይ አንድ የሰባ ሙክት በግ ታስሯል።

«አንቺ ልጅ፣ ተመለሽ!» አላት።

«በግ ያወራል እንዴ?»

«እሱን በኋላ ትገረሚያለሽ። አሁን ስሚ። እዚህ ቤት የቀመሰ ማንም ቢሆን መውጣት አይችልም፤ ዋሻው ይይዘዋል። ወንድምሽ ማር ቀመሰ፣ ተያዘ። ዋሻው ግን የሚይዘው አንድ ብቻ ነው። አንቺ ከቀመስሽ እሱን ይለቀዋል፤ ጭራቁ ደግሞ ደጅ ላይ ተቀብሎ ይበላዋል። ቤት ውስጥ እንግዳ እንዳይበላ መሐላ አለበት።»

«አንተንስ?»

«እኔ ለፋሲካ ነኝ። አንቺ ለራስሽ እዘኚ።»

ብርቄ ግን ገባች። ጥጋቡ ጥግ ላይ ኩርምት ብሏል። ጭራቁ ያቺን ሰፌድ የምታህል ዓይኑን አፈጠጠባት፤ ከዚያ ፈገግ አለ። ፈገግታው ይብስ ነበር።

«ቤት ለእንግዳ! ነይ ቁጭ በይ!» ብሎ ሮማን ፈልፍሎ አቀረበላት። «ብዪ፣ በሞቴ!»

«አባባ፣ በእኛ ቤት ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳ አይቀምስም።»

ጭራቁ ሮማኑን ወደ አፉ አስጠጋና በትከሻው ላይ ወደ ኋላ ወረወረው። «እምም! እንዴት ይጣፍጣል!»

«አልዋጡትም፣ አባባ።»

ማር አመጣ። «ብዪ፣ በሞቴ!»

«አባባ፣ በእኛ ቤት ባለቤቱ ሳይቀምስ እንግዳ አይቀምስም።»

አንዱን ጣቱን ማሩ ውስጥ ነከረና ሌላውን ጣት ላሰ። «እምም!»

«ሌላኛው ጣት ነው፣ አባባ።»

ጭራቁ ጥርሱን አፋጨ። ትኩስ ቂጣ በቅቤ አመጣ። ብርቄ ከጠዋት ጀምሮ እህል አልቀመሰችም፤ ሽታው ሲመጣ ሆዷ ጮኸ።

«ብዪ፣ በሞቴ!» ዋሻው ተናጋ።

የብርቄ እጅ ወደ ቂጣው ሄደ።

«እቴ፣ ተዪ! ይበላኛል!» ብሎ ጥጋቡ አለቀሰ። ሙክቱ ደጅ ላይ ዓይኑን ጨፈነ።

ብርቄ ቂጣውን ቆረሰች፣ ቅቤ አስነካችው፣ ከዚያ ብድግ ብላ ወደ ጭራቁ አፍ ዘረጋችው።

«አባባ፣ ይህችን ከእጄ። በሞቴ!»

ጭራቁ ቂጣውን አየ፣ እሷን አየ። ስንቱን ሰው በሞቴ እያለ አስቀምሷል፤ እሱን በሞቴ ያለው ሰው ግን ከተወለደ ጀምሮ አልነበረም። ያቺ ትልቅ ዓይኑ እንባ ሞላች። ሳያስበው አፉን ከፈተ። ጎረሰ። ዋጠ።

ዋሻው በረጅሙ ተነፈሰ።

«ምን አበላሽኝ?» አለ ጭራቁ።

«የራስዎን ቂጣ» አለች ብርቄ፤ የጥጋቡን እጅ ይዛም ሮጠች። ጭራቁ ተከትሎ ደጃፉ ላይ ሲደርስ እግሩ እንደ ግንድ ተተከለ።

«እኔንስ? ፋሲካ እኮ ደርሷል!» ብሎ ሙክቱ ጮኸ። ፈቱት፤ በዚያ ውፍረቱ ሁለቱንም ቀድሟቸው ቁልቁል ወረደ።

እናትየው ልጇን ስታይ ወደ ጓዳ ሮጠች። የተከደነውን ሰሃን ከፈተች። ጥጋቡ እጁን ሰብስቦ፣ «እማዬ፣ መጀመሪያ አንቺ ቅመሺ» አላት። ቀመሰች፤ ከዚያ ሁሉም በሉ። ብርቄ ብቻ እየበላች በየመሃሉ ያቺን የጭራቁን እንባ ታስብ ነበር።

ስለ ጭራቁ የመጨረሻው ወሬ የተሰማው በአንድ የገበያ ቀን ነው። አንድ የጨው ነጋዴ በገደሉ ሥር ሲያልፍ፣ «መንገደኛ፣ እባክህ ግባና ቅመስልኝ፣ በሞቴ!» የሚል ድምፅ ሰማ። ነጋዴው አህያውን ነድቶ አለፈ። ከዚያ ቀን ወዲህ የሰማሁት የለም። እናንተም በዚያ ካለፋችሁ፣ ዝም ብላችሁ እለፉ።