እግር አጣቢው አጎቴ

ሰዉ ይህችን መጨረሻ ላይ የምትሰሟትን ተረት እንደ ዋዛ ጣል ያደርጋታል። እኔ ግን በሰማኋት ቁጥር ሆዴ ይባባል፤ ከየት እንደመጣች አውቃለኋ! የመጣችው ከአጎቴ ከጋሼ ደርበው ቤት ነው።

ጋሼ ደርበው እንግዳ ሲመጣ እግር የሚያጥቡት ራሳቸው ነበሩ። ለትሕትና እንዳይመስላችሁ! በእግሩ ሰውየውን ሊያውቁ ነው። «ውስጥ እግሩ ጠፍጣፋ የሆነ ሰነፍ ነው፤ ሁለተኛ ጣቱ አውራ ጣቱን የበለጠ ነገረኛ ነው፤ እግሩ ያበጠ ዕድሜ የለውም» ይሉ ነበር። ማን አስተማራቸው? ማንም።

ለአንዲት ልጃቸው ለአንጓች፣ ቢያድግልኝ የሚባል የቆላ ልጅ ሽማግሌ ላከ። እሷም ወዳዋለች። ጋሼ ግን «እግሩን ሳላይ አልሰጥም» ብለው አስጠሩት። ልጁ መጣ፤ ውሃ ቀረበ። እግሩ ተነፍቷል፣ ተረከዙ ተሰነጣጥቋል።

«በሽተኛ ነው!» አሉ በሽማግሌዎቹ ፊት። «ልጄ አስታማሚ ሆና አትቀርም።»

«አባቴ፣ የመንገድ ነው እኮ» አለ ልጁ አፍሮ።

«መንገድማ ሁላችንም እንሄዳለን!»

ልጁ ጫማውን አንጠልጥሎ ወጣ። ምነው ምክንያቱን በተናገረ!

አንጓችን እግሩ ላማረ ሰው ዳሯት። ያ ያማረ እግር በሁለተኛው ዓመት ሌላ ሴት ቤት ገብቶ ቀረ። እሷም ልብሷን ቋጥራ አባቷ ቤት ተመለሰች። ከዚያ ወዲህ ስትስቅ አላየኋትም።

ከዓመታት በኋላ አንዲት አሮጊት ለንግሥ ሲሄዱ ዝናብ ይዟቸው እዚያ ቤት ተጠለሉ። አንጓች ውሃ ታፈሳለች፣ ጋሼ ያጥባሉ፤ እኔም ነበርኩ።

«ይኼን ቤት ልጄ ቢያድግልኝ ያውቀዋል» አሉ አሮጊቷ። «እዚህ የተጠራ ጊዜ እኔ ታምሜ ነበር። ሁለት ቀን በጀርባው አዝሎኝ፣ ያን ገደል ወጥቶ፣ ጠበል አድርሶኝ ሳያርፍ መጣ። እግሩ እንዲያ አብጦ! ይኸው እኔም ድኛለሁ፣ እሱም የአራት ልጆች አባት ሆኗል። ለምን እንደከለከላችሁት ግን እስከ ዛሬ አልነገረኝም።»

የጋሼ እጅ ውሃው ውስጥ ቀረ። «ልጄ፣ በደልኩሽ» አሉ፤ ቀና ብለው ሊያዩዋት አልቻሉም።

አንጓች ማንቆርቆሪያውን አስቀመጠች። የአሮጊቷን እግር በነጠላዋ ጫፍ እያደረቀች፣ ድምጿን ሳታነሳ እንዲህ አለች፦ «አባዬ፣ እግር ቢያጥቡት መንገድ እንጂ ልብ አይነግር።»