ቀዮና የማይታየው ግድግዳ

ተረቴ መጣች፣ ቦታ ልቀቁላት!

ድሮ ድሮ፣ መኪና አፍ አውጥታ በምታወራበት ዘመን፣ ቀዮ የምትባል የሽቅድድም መኪና ነበረች። ጌታዋ ጋሽ ድንበሩ አንድ ቀን ተቆጣ።

«እሁድ ዳለቻን ካልቀደምሽ፣ ለቆራሌው ነው የምሸጥሽ!»

ዳለቻ የጎረቤት መኪና ነው። ሲነሳ የሰፈሩ ዶሮዎች ያለቀናቸው እንቁላል ይጥላሉ።

ቀዮ ደነገጠች። ሜዳ ወጥታ ሮጠች፣ ሮጠች፣ ሮጠች። አንድ ቦታ ስትደርስ ግን የሆነ ነገር ደረቷን ይዞ አላሳልፍ አላት።

«ማነህ አንተ? ልቀቀኝ!»

«ነፋስ ነኝ እህቴ። እኔ ቆሜያለሁ፤ የምትገፊኝ አንቺ ነሽ።»

«ቢራቢሮን ታሳልፍ የለ እንዴ?»

«ቢራቢሮ ቀስ ብላ ትመጣለቻ! አንቺ እጥፍ ስትፈጥኚ እኔ አራት እጥፍ እከብዳለሁ።»

ቀዮ ወደ ሞተሯ ዞረች። «ጉልበት ጨምር!»

ሞተር ማደያውን አድርቆ ጠጣ፣ ጉልበቱ እጥፍ ሆነ። ሮጠች፣ ሮጠች። ፍጥነቷ ግን ጨመረ ቢባል ትንሽ ነው።

«እጥፍ ፍጥነቴ የታለ?»

«ኧረ እመቤቴ፣» አለ ሞተር እያለከለከ፣ «ለእሱማ የድሮው እኔ ስምንት ያስፈልጋል! ስምንታችንን የት ልታስቀምጪን ነው? ጋሽ ድንበሩ ጭን ላይ?»

ነፋስ ሳቀ። «አናትሽ ላይ ያለው ምንድነው?»

«ፖርቶ መጋላ ነዋ! ጋሽ ድንበሩ ከውድድር ሲመለስ ከሰልና ሽንኩርት ይጭንበታል።»

«እሱን ሁሉ እኮ በእኔ ውስጥ ነው የምትጎትቺው!»

ቀዮ ፖርቶ መጋላውን አራግፋ ጣለች። ከኋላዋ ያለውን ክንፍም «አንተም ጌጥ ነህ፣ ውረድ!» አለችው።

«ኧረ ተይ ቀዮ!» አለ ክንፍ። አልሰማችም። ሮጠች፣ ሮጠች፣ ኩርባው ላይ ጎማዋ መሬት ለቀቀ! በአንዲት አህያ አናት ላይ አለፈች።

«ዘንድሮ ዝናቡ ቆርቆሮ ሆነ እንዴ?» አለች አህያዋ።

ቀዮ ገለባ ክምር ውስጥ ወደቀች። ክንፍ ከሩቅ ጮኸ፦ «ነፋሱን ተደግፌ መሬት ላይ የምጫንሽ እኔ አልነበርኩም?»

ቀዮ መብራቷን ወደ ባዶው ሰማይ አነሳች። የሚያግዳትም፣ መሬት የሚያስረግጣትም፣ ለካ ይኸው የማይታየው ነው!

«ይቅርታ ወንድሜ፣» ብላ ክንፏን መለሰች።

እሁድ ደረሰ። ቆራሌው ጆንያውን ይዞ መንገድ ዳር ቁጭ ብሏል። ዳለቻ ሲወነጨፍ ቀዮ ከጀርባው ተለጠፈች።

«ፈራሽኝ እንዴ?» አለ ዳለቻ።

«ኧረ አንተ ነፋሱን ክፈትልኝ፣ እኔ እከተላለሁ!»

ዳለቻ ነፋሱን ሲሰነጥቅ፣ ሲሰነጥቅ ሞተሩ እንደ ሽሮ ተንተከተከ። መጨረሻው ሲቃረብ ቀዮ ሹልክ አለችና በአፍንጫ ቀደመችው! ጋሽ ድንበሩ እልልታውን አቀለጠው፤ ቆራሌው ጆንያውን አጥፎ አጨበጨበ።

ቀዮ ግን ለነፋስ አፍንጫዋን መሬት እስኪነካ ዝቅ አድርጋ እጅ ነሳች። የሽቅድድም መኪና እስከ ዛሬ አፍንጫውን አቀርቅሮ የሚሄደው ለዚህ ነው።

እናም ልጆቼ፣ ዓይናችሁ ስላላየው ብቻ ባዶ ነው አትበሉ።

ተረቴ ደክሟታል፤ ለእሷ ማረፊያ፣ ለእኔ ዳቦ አምጡ!